መኪናዬን አራት ሚዛን ላይ አስቆምኳት፦ የኮርነር ባላንስ አገልግሎት እንዴት አገኘሁት

ትራክ ዴይ (የራስን መኪና ውድድር ሜዳ ላይ የመንዳት ቀን) የምትሄዱ ወይም ለመጀመር የምታስቡ ልጆች ካላችሁ ይሄን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። እኔ አንድ አመት ሙሉ ከመኪናዬ ላይ ዕቃ ስነቅል ከርሜ፣ የክብደት ነገር በደንብ የገባኝ ባለፈው ወር አንድ ጋራዥ መኪናዋን አራት ሚዛን ላይ ሲያስቆምልኝ ነው። ኮርነር ባላንስ የሚባለው ይሄ ነው፣ በየጎማው ላይ ያረፈውን ክብደት መዝኖ ማመጣጠን።

መኪናዋ የ1999 ማዝዳ ሚያታ ናት፣ ባለ 1.8 ሞተር፣ ከፋብሪካ 140 የፈረስ ጉልበት ይዛ የወጣች፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚያደርገው) የሌላት። ገና ከመነሻዋ አንድ ቶንን ትንሽ ብቻ ነው የምታልፈው፣ መለዋወጫዋ በሽ ነው፣ ጎማና ፍሬን ቶሎ አትበላም፣ ለዛ ነው እዚህ አሜሪካ ለጀማሪ የምትመከረው። የምነዳው ሰሚት ፖይንት የሚባል የውድድር ሜዳ ላይ ነው፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ከአሌክሳንድሪያ ጠዋት በሩት 7 ይዤ በርቪልን አልፌ እገባለሁ። ዋናው ትራክ 2 ማይል ሲሆን 10 ኩርባ አለው።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ማርሚታ ቀይሬ ስንት ፈረስ ልጨምር ነው። ተዉት እባካችሁ። ጉልበት ስትጨምሩ ቀጥታው ላይ ነው የሚረዳችሁ፣ ክብደት ስትቀንሱ ግን ስትነሱም ፍሬን ስትይዙም ስትዞሩም ይረዳችኋል። መኪና ሲሮጥ የያዘው ጉልበት አብዛኛው ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ክብደቱ 10 ፐርሰንት ከቀነሰ በዛው ፍጥነት ፍሬኑ የሚሸከመው ሙቀትም 10 ፐርሰንት ይቀንሳል ማለት ነው። ጎማ ደሞ የራሱ ፀባይ አለው፣ ጭነቱን እጥፍ ብታደርጉበት አስፋልት የመያዝ አቅሙ እጥፍ አይሆንም፣ ስለዚ ቀላል መኪና በዛው ጎማ የተሻለ ይዞራል።

እኔ ያወረድኩት ከ90 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ስኮርታና ክሪክ፣ የሸራ ጣሪያው ከነብረቱ፣ ኤሲው ከነኮምፕረሰሩ፣ ሬዲዮ፣ ስፒከር፣ ምንጣፍ ምናምን። ወለሉ ላይ የተለጠፈው እንደ ሬንጅ ያለ ድምፅ መከላከያ ነው ያስቸገረኝ፣ በመጨረሻ ድራይ አይስ ደፋሁበትና ትንሽ ቆይቼ በመዶሻ ነካ ነካ ሳደርገው እንደ ብርጭቆ ተሰነጣጥቆ ቁርጥራጩን በእጄ ለቀምኩት (በሮቹን ከፍታችሁ አየር ባለበት ቦታ ይሁን፣ ጋዙ አደገኛ ነው፣ ጓንትም አድርጉ)። የተሳፋሪውን ወንበር ግን ለብቻችሁ እንድትነዱ ሳይፈቀድላችሁ እንዳትነኩት፣ ኢንስትራክተሩ የት ሊቀመጥ ነው?

የጨመርኩትም አለ። ሮል ባሩ (ከወንበሩ ኋላ የሚታሰረው የብረት ቅስት) 20 ኪሎ መልሶ ጫነብኝ፣ እና እሱን አንድም ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም። ጣሪያ የሌለው መኪና ቢገለበጥ ጭንቅላታችሁን የሚያድነው እሱ ነው። ብዙ ቦታ ላይ ከሮል ባሩ ጫፍ እስከ ፊት መስታወቱ አናት ድረስ የመጥረጊያ እንጨት አጋድመው ሄልሜታችሁ ከእንጨቱ በታች መሆኑን ያያሉ። እኔ በፋብሪካው ወንበር ይሄን አላልፍም ነበር፣ ዝቅ ያለ ፋይበር ግላስ ወንበር ሳስገባ ነው ያለፍኩት፣ 6 ኪሎ መቀነሱ ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ጋራዡ ልግባ። ከዛ በፊት ሌላ ቦታ ከፍ ዝቅ የሚል ሾክ አስገጥሜ ነበር፣ እነሱ ከፍታውን በሜትር ለክተው አራቱም እኩል ነው ብለው ሰጡኝ። ለአይን እኩል ነበረች። ትራክ ላይ ግን ኩርባ 5 ወደ ግራ ስዞር አፍንጫዋ አልታዘዝ ይለኛል፣ ኩርባ 10 ወደ ቀኝ ስዞር ደሞ ጅራቷ ልታመልጠኝ ትፈልጋለች፣ እና ከዛ በኋላ ያለው ረጅሙ ቀጥታ ስለሆነ እዛ ጋ ጋዝ መስጠት ፈርቼ ነበር። ጥፋቱ የኔ አነዳድ መስሎኝ አንድ ሲዝን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ከረምኩ።

የሄድኩበት ሰሜን ቨርጂኒያ ያለ ትንሽ ጋራዥ ነው፣ ሚዛኑን የሚሰሩት በዕድሜ ገፋ ያሉ የኛው ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ነው ልቤን ያሳረፈው፦ መኪናዋን ሳይነኩ አራቱ ሚዛን የሚቀመጥበትን ቦታ በሌዘር ለክተው በስስ ንጣፍ አስተካከሉ፣ የጎማ ንፋስ ሞሉ፣ የፊትና የኋላ ስታብላይዘር ባሩን (የግራና የቀኙን ጎማ የሚያያይዘውን ብረት) ፈቱ፣ ከዛ እኔን ከነሄልሜቴ ከነጫማዬ አስቀመጡኝ። ስክሪኑ ላይ ግራ ፊት 271፣ ቀኝ ፊት 273፣ ግራ ኋላ 283፣ ቀኝ ኋላ 227 ኪሎ መጣ። ድምሩ 1054። ቀኝ ፊትና ግራ ኋላ ሲደመሩ 52.8 ፐርሰንት ይይዛሉ፣ መሆን ያለበት ግን 50 አካባቢ ነው። ግራና ቀኝ ላይ የተለያየ ፀባይ የምታሳየኝ በዚህ ነበር።

ትራንኩን ከፍተው ትንሿን ሊትየም ባትሪ አዩና፣

«ልጄ፣ ይሄን ለምን ቀየርከው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ 7 ኪሎ ይቀንሳል ብዬ ነው።»

227ቷ ላይ ጣታቸውን አደረጉ። «አንተ ግራ ነው የምትቀመጠው። ባትሪው ያለው ቀኝ ኋላ ነው። የከበደውን ጎን ትተህ ከሁሉም ከቀለለው ጥግ ላይ ነው የቀነስከው።»

ሌላ ባትሪ ልሽጥልህ አላሉኝም፣ ልብ በሉ። መቀነስ ካልክ ከግራው ቀንስ ነው ያሉኝ። እኔም ለሱ ባትሪ 300 ዶላር ከፍያለሁ፣ ክረምት ላይ ደሞ ቅዝቃዜ ሲመጣ ሞተር ለማስነሳት ያስቸግራል። በዛ ብር ጥሩ የፍሬን ሸራና ሙቀት የሚችል የፍሬን ዘይት ይገዛ ነበር፣ እናንተ ከዛ ጀምሩ።

አሰራሩ እንዲህ ነው፣ እግሩ እኩል ያልሆነ ጠረጴዛ አስቡ። የአንዱን ጥግ ሾክ ቀለበት ወደ ላይ ስታጠነክሩት እሱና በሰያፍ ፊት ለፊቱ ያለው ጥግ ይከብዳሉ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ይቀላሉ። የግራና የቀኝ ድምር ግን በቀለበት አይቀየርም፣ እሱ የሚቀየረው ዕቃ ቦታ ሲቀየር ወይም ሲነሳ ብቻ ነው። ጋሼ ቀለበቱን ሩብ ዙር ያዞራሉ፣ መኪናዋን ወደፊት ወደኋላ ገፋ አድርገው ጎማው እንዲቀመጥ ያደርጋሉ፣ እንደገና ያነባሉ። ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ደጋገሙት። መጨረሻ ላይ በዛው ቅደም ተከተል 285፣ 259፣ 269፣ 241 ሆነ፣ የሰያፉ ድምር 50.1 ፐርሰንት። ከፍታው ስለተነካካ አላይመንቱም ከዛ በኋላ ነው የተሰራው፣ በፊት ብታሰሩት ብራችሁን ጣላችሁት ማለት ነው።

ትራክ ላይስ? በሚቀጥለው ቅዳሜ በዛው ጎማ ወጣሁ። ምርጥ ዙሬ የተሻሻለው ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ በላይ ነው፣ ትልቅ ቁጥር አይደለም፣ አየሩም ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ዋናው ለውጥ ኩርባ 10 ላይ ነው፣ ገና መሪውን መፍታት ሳልጀምር ጋዝ እሰጣለሁ፣ ጅራቷም ቦታዋ ላይ ናት። ግራም ቀኝም አንድ አይነት መኪና ሆነችልኝ። አንድ የከፋ ነገር አለ፣ ከቀጥታው መጨረሻ ኩርባ 1 ላይ ፍሬን ጠንከር አድርጌ ስይዝ አሁን ቀኝ የፊት ጎማዬ ቀድሞ ይቆልፋል፣ ምክንያቱም ፊት ላይ ግራው 26 ኪሎ ይከብዳል። ይሄንን ጋሼ ቀድመው ነግረውኛል፣ ሹፌር አንድ ጎን እስከተቀመጠ ድረስ ወይ ፍሬኑን ወይ ኩርባውን መምረጥ ግድ ነው አሉኝ፣ እኔም ኩርባውን መረጥኩ።

ያልወደድኩት ደሞ አለ። ቀጠሮ ለማግኘት ሶስት ሳምንት ጠብቄያለሁ፣ አራት ሰዓት ይፈጃል የተባለው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ስደውል ማንም ስላልነገረኝ ነዳጅ ሞልቼ ሄድኩ፣ እነሱ ግማሽ ታንክ ነው የሚፈልጉት፣ ስለዚ ሩብ ቀን ገደማ ነዳጅ በማውጣት አለቀ። የጠየቁኝ ለሚዛኑ 280 ዶላር ነው፣ አላይመንቱ 140 ለብቻው፣ ይሄንንም ስደርስ ነው የሰማሁት። በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ግን በወረቀት አትመው ሰጥተውኛል፣ ጓንት መያዣው ውስጥ አለች። ለስራው ጥራት ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፣ ለቀጠሮና ለዋጋ አነጋገራቸው ሶስት።

የምትሄዱ ከሆነ ክብደት መቀነሱን ጨርሳችሁ ሂዱ፣ ከዛ በኋላ አንድ ወንበር ብትነቅሉ ሚዛኑ ይቀየራል። ትራንኩን ባዶ አድርጉት፣ ታንኩን ግማሽ፣ በምትሮጡበት ጎማና ቸርኬ ሂዱ፣ ሄልሜታችሁን ያዙ። የሾኩ ቀለበት ዝጎ ከሆነ ከሁለት ቀን በፊት ዘይት ርጩበት፣ የኔ የግራ ኋላው አልላቀቅ ብሎ ብቻውን አርባ ደቂቃ ወስዷል።