ለገጠር ሠርግ ዳስ ይሻላል ወይስ የእድር ድንኳን?

100 ሰው ለሚጠራበት ሠርግ 6 በ12 ሜትር ጥላ ይበቃል። ዳስ ከሆነ በ3 ረድፍ፣ በየ2 ሜትሩ፣ 21 የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል። የመሃሉ ረድፍ ከዳርና ዳሩ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፤ ጉድጓዱም አንድ ክንድ ይጥለቅ። ከላይ አጣና ተጋድሞ በገመድ ይታሰርና ቅጠል ይለብሳል። ስሕተቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቀናት ቀድሞ የተቆረጠ ቅጠል ይደርቃል፤ ወጥ ውስጥ ይረግፋል፣ የምድጃ ብልጭታም በቀላሉ ያቀጣጥለዋል። ስለዚህ እንጨቱ ቀድሞ ይተከል፣ ቅጠሉ ግን በዋዜማው ይልበስ። ምድጃው ደግሞ ቢያንስ 20 እርምጃ ርቆ፣ ነፋሱ ጭሱንና ብልጭታውን ከዳሱ በሚያርቅበት በኩል ይሁን።

ድንኳኑ ለእድር አባል ርካሽ ነው፤ ኪስ የሚጎዳው ማጓጓዣው ነው፣ በተለይ መኪና የማይደርስበት መንደር ከሆነ። ከመጫኑ በፊት ካስማና ገመዱ ይቆጠር፤ አንድ ካስማ ጎድሎ ቢገኝ ገጠር ውስጥ መተኪያው የተጠረበ እንጨት ነው። ከቀትር በኋላ ውስጡ ስለሚታፈን የጎን መጋረጃዎቹ ይሰብሰቡ።

ለጌጥ ዳስን የሚያህል የለም፦ መሬቱ ላይ ቄጠማ፣ ቋሚዎቹ ላይ የሙሽራዋ እናት የሰፋቻቸው ሰፌዶች። የፕላስቲክ አበባ ከከተማ ማስመጣት ገንዘብ ማባከን ነው። በድንኳን ግን ጥለት ያለው ነጠላ ከሙሽሮቹ ጀርባ መዘርጋት ይበቃል።

ጥር ደረቅ ስለሆነ ዳስ ይመረጣል። ከፋሲካ በኋላ፣ የበልግ ዝናብ በሚጥልበት አገር፣ ድንኳን ይሁን፤ የቅጠል ጣሪያ ዝናቡ ካባራ በኋላም እንግዳ ላይ ሲያንጠባጥብ ይቆያል።