ደራሲ ለማይወደው ሰው የሚሰጠው ስፍራ፦ ሰሞኑን ያነበብኳቸው መጻሕፍት

ልብ ወለድን፣ ግለ ታሪክን፣ የምጣኔ ሀብት ድርሳንን፣ የትርጉም ሥራንና ግጥምን እያፈራረቅሁ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ለሁሉም የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ይኸውም ደራሲው ለማይወደው፣ ለሚቃወመው ወይም ለተጣላው ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ምን ያህል ስፍራ ሰጥቷል የሚለው ነው። የሚወዱትን ሰው አሳምሮ መሣል ብዙ ብልሃት አይጠይቅም፤ ባላንጣን ግን ከነምክንያቱና ከነፍርሃቱ አቁሞ ማናገር የሚችል ጸሐፊ ጥቂት ነው። በቅርቡ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ለዚህ ጥያቄ የሰጡኝ መልስ የተለያየ ነው፤ በፈተናው ወድቀውም እጅግ የወደድኳቸው አሉ።

ከሁሉም ይልቅ ሐሳቤን ይዞ የቆየው መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ የጻፈችውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው «ዘ ሻዶው ኪንግ» የተባለው ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ በ2020 ለቡከር ሽልማት ለመጨረሻው ዙር ከደረሱት ስድስት ሥራዎች አንዱ ነበር። ታሪኩ የሚያጠነጥነው በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ በዘመቱ ሴቶች ላይ ሲሆን፣ ዋናዋ ባለታሪክ ሂሩት ወላጆቿን አጥታ በኪዳኔና በአስቴር ቤት በገረድነት የምትኖር ልጅ ናት። አባቷ የተወላት አንድ ውጅግራ ጠመንጃ አላት፤ ኪዳኔ ለጦሩ መሣሪያ ሲሰበስብ ይህንኑ ጠመንጃ ይወስድባታል። ስለዚህ ልጅቷ ጦር ሜዳ ስትወርድ ጠላቷ ከባሕር ማዶ የመጣው ብቻ አይደለም። ደራሲዋ በመጽሐፉ መጨረሻ የራሷ ቅድመ አያት ጠመንጃ በሙግት ተረክባ እንደዘመተች ትነግረናለች፤ የሂሩት ቁጣ ይህን ያህል ከሥጋና ከደም የተሠራ የሚመስለውም ስለዚህ ይሆናል።

ይህ መጽሐፍ የእኔን ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ በተሻለ ይመልሳል የምለው በሁለት ሰዎች ምክንያት ነው። አንደኛው ኪዳኔ ራሱ ነው። ኪዳኔ አርበኛ ነው፤ ለአገሩ ይዋጋል፤ ሰዎቹም ይከተሉታል። ያው ኪዳኔ ግን በአደራ የያዛትን ልጅ ይደፍራል። ደራሲዋ አርበኝነቱን ለበደሉ መሸፈኛ አታደርገውም፤ በደሉንም አርበኝነቱን ለመካድ አትጠቀምበትም፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ተጭነው እንዲቆዩ ትተዋቸዋለች። ሁለተኛው ኤቶሬ ናቫራ የተባለው ጣሊያናዊ ወታደርና ፎቶ አንሺ ነው። አዛዡ ኮሎኔል ፉቼሊ እስረኞችን ከገደል አፋፍ ሲያስወረውር ናቫራ በካሜራው ያንን እንዲያነሣ ይታዘዛል፤ ያነሣልም። በዚሁ ጊዜ የአባቱ አይሁዳዊነት በገዛ አገሩ ሕግ ፊት ዕዳ እየሆነበት ይሄዳል። አንባቢው ለዚህ ሰው ማዘን ይጀምርና የያዘውን ካሜራ ያስታውሳል፤ ካሜራውን ይጠላና አባቱን ያስታውሳል። ጸሐፊዋ ከዚህ ውጥረት የምታስመልጠን በር አልከፈተችም፤ እኔም መጽሐፉን ያከበርኩት በዚሁ ነው።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ቋንቋው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በየመሀሉ የሚገቡት የፎቶግራፍ መግለጫዎችና የአዝማች ድምፆች በመጀመሪያ ቢማርኩም ወደ መጨረሻው ግን የታሪኩን ፍጥነት ይይዙታል። ንጉሠ ነገሥቱ የቨርዲን ኦፔራ «አይዳ» እያዳመጡ የሚብሰለሰሉባቸው ክፍሎች ደግሞ በሐሳብ ደረጃ ብርቱ ሆነው ሳለ፣ ከሂሩት ገጾች አጠገብ ሲቀመጡ ቀዝቀዝ ይላሉ። ይህም ሆኖ በአማርኛ ተተርጉሞ በሰፊው ቢነበብ ከምመኛቸው መጻሕፍት ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው።

ከዚያው ጦርነት ሳልወጣ የሐዲስ ዓለማየሁን «ትዝታ» አነበብኩ። ሐዲስ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የሚታወቁትን ያህል በዚህ መጽሐፍ አለመታወቃቸው ያሳዝነኛል። በልዑል ራስ እምሩ ሥር በሽሬ ግንባር ዘምተዋል፤ በኋላም ከራስ እምሩ ጋር ጎጀብ አካባቢ ተይዘው ወደ ጣሊያን ተግዘዋል። በልብ ወለዳቸው የምናውቀው ረጅምና ዙሪያ ገባውን ሁሉ የሚያካልል ዓረፍተ ነገር እዚህም አለ፤ ነገር ግን ሐዘኑን የሚናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ማረኳቸውና ከአገራቸው ነቅለው ወሰዷቸው ብሎ ጠላትን በስድብ ማጥገብ ቀላል በሆነበት ስፍራ እርሳቸው የሚቀድማቸው ማስተዋል ነው። ከመዓዛ መጽሐፍ ቀጥሎ «ትዝታ»ን ማንበብ ሌላ ጥቅምም አለው፤ ልብ ወለዱ በአንድ ሸለቆ ውስጥ አጥብቦ ያሳየንን ጦርነት ግለ ታሪኩ ከሠራዊት ጉዞና ከሽንፈት በኋላ ከሚመጣው የግዞት ኑሮ ጋር ያገናኘዋል።

በፈተናዬ የወደቀው፣ ሆኖም ከእጄ ማውረድ ያቃተኝ መጽሐፍ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ኦቶባዮግራፊ» ነው፤ ያሳተመው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው። ባለታሪኩ በልጅነታቸው ዓድዋ ዘምተው፣ ከዚያ ወደ ሩሲያ ተወስደው በዚያ አድገው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ጣሊያን አገራችንን ሲወርር በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የተከራከሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉትም እርሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ማየቱ ብቻ መጽሐፉን ለማንበብ በቂ ምክንያት ነው፤ የሩሲያው ክፍል ግን ከሌላው ሁሉ የበለጠ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን የነበረችውን ሩሲያ ከቤተሰቡ ማዕድ ጀምሮ እስከ መኮንኖቹ ትምህርት ቤት ድረስ የሚያይ ኢትዮጵያዊ ዓይን ሌላ የት ይገኛል?

ችግሩ የሚጀምረው ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ ነው። ከተጣሏቸው ባለሥልጣናት ብዙዎቹ በመጽሐፉ ውስጥ የራሳቸው ምክንያት አልተሰጣቸውም፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ላይ ያላቸው ቅሬታም ከገጽ ገጽ እየበረታ ይሄዳል። ባለታሪኩ ከሌሎች ጋር ባልተስማሙ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ልክ ሆነው የሚገኙት እርሳቸው ናቸው፤ ይህ ደግሞ የታሪክ ምስክርነታቸውን በጥንቃቄ እንድንቀበለው ያስገድደናል። እኔ ግን ስለዚህ መጽሐፉን አልጣልኩትም። አሰበ ተፈሪን ሲያቀኑና ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ የሠሩትን ሲናገሩ ያለው ትጋትና ዝርዝር፣ ቅሬታቸውም ከየት እንደመጣ ያስረዳል፤ ሥራ የሚወድ ሰው ሥራ የሚያደናቅፍበትን ሰው ይቅር ለማለት እንደሚቸገር በነዚህ ገጾች ላይ በግልጽ ይታያል።

ከተክለ ሐዋርያት ጋር ጎን ለጎን ሊነበብ የሚገባው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። ደራሲው በልጅነታቸው ከምፅዋ ወደብ በመርከብ ሄደው በአውሮፓ ተምረው የተመለሱ፣ ገና በወጣትነታቸው በ1911 ዓ.ም. ያረፉ ሲሆን መጽሐፉ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ስለዚህች ትንሽ መጽሐፍ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን እየሸጠ የሌላውን የእጅ ሥራ ሲገዛ ድካሙ ለባዕድ እንደሚሆን፣ የእርስ በርስ ጦርነትም ሀብትን እንዴት እንደሚያመክን ያለ አንዳች ማጋነን ያስረዳሉ። የሚተቿቸውን ሰዎች አይሰድቡም፤ የአስተሳሰባቸውን መነሻ ያሳዩና ስሕተቱን ያመለክታሉ። ዓረፍተ ነገሮቻቸው አጫጭርና ጥርት ያሉ ናቸው፤ ዛሬ ስለ ኢኮኖሚ በአማርኛ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ቢማሩባቸው እወዳለሁ።

የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» በ1966 ዓ.ም. የታተመ የግጥም መድበል ነው፤ በዚህ መጽሐፍ ላይ መመዘኛዬ አይሠራም። ግጥሙ ከባላንጣ ጋር የሚከራከር ሳይሆን ቃልን ከቃል አጋጭቶ ድምፅ የሚያወጣ ነው፤ በዓይን ብቻ የሚያነበውም ግማሹን ያጣዋል። ጮክ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ በተለይ ስለ ዓድዋ የጻፈውን።

በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመውን «ኦሮማይ»ን እንደገና ያነሣሁት በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ2025 እ.ኤ.አ. መውጣቱን ምክንያት በማድረግ ነው። ታሪኩ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ደርግ በኤርትራ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ሥራ ወደ አስመራ ሲሄድ፣ በዚያም ፊያሜታ ጊላይን ሲያገኝ የሚሆነውን ይተርካል። የስለላ ልብ ወለድ ነው፤ የፍቅር ልብ ወለድም ነው፤ የዘመቻ ዘገባም ነው፤ ሦስቱም በጋዜጠኛ ፈጣን አማርኛ የተጻፉ ናቸው። ዘመቻውን በቅርብ ያየ፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሥልጣን ላይ የነበረ ሰው የጻፈው ስለሆነ የባለሥልጣናቱ ሽኩቻና ጉራ ያለ መጋረጃ ቀርቧል። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ።

ይህ የደራሲው ዕጣ የመጽሐፉን ንባብ እንደሚጫነው አውቃለሁ፤ ብዙ አንባቢ «ኦሮማይ»ን የሚያነበው በዓሉን ለምን እንዳጠፉት ለማወቅ ነው። እኔ ግን በዚህ ንባቤ የተረዳሁት ሌላ ነገር ነው። በዓሉ በመንግሥት ወገን ሆኖ እየጻፈ፣ በሌላው ወገን ያለውን የሻዕቢያ ሰላይ ሥዕላይ በራኺን ተራ ወንበዴ አላደረገውም፤ ብልህና ለዓላማው የቆረጠ ሰው አድርጎ አቁሞታል። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ሥልጣን ላይ ሆኖ ይህን ማድረግ ባለሥልጣናቱን ከመተቸት የማይተናነስ ድፍረት ነው። የምነቅፍበት ነገር ቢኖር የሴቶቹን አሳሳል ነው፤ ፊያሜታም ሆነች ሮማን ከጸጋዬ ስሜት ውጭ የራሳቸው ሐሳብ የሚታይባቸው ገጾች እምብዛም ናቸው። ለጠላቱ ያን ያህል ስፍራ የሰጠ ደራሲ ለሚወዳቸው መንፈጉ ይገርመኛል።

በመጨረሻ ያነበብኩት «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተሰኘውን፣ ነቢይ መኮንን ከማርጋሬት ሚቼል ልብ ወለድ ከ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተረጎመውን መጽሐፍ ነው። ነቢይ በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ ይህን ትልቅ መጽሐፍ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ተርጉሞታል፤ ወረቀቱም ጥቂት በጥቂት ከእስር ቤቱ ወጥቷል። በትርጉሙ ጥራት ላይ የምለው ምስጋና ብቻ ነው። የዋናዋ ባለታሪክ የስካርሌት ኦሃራ ንዴትና ግትርነት፣ የሬት በትለር ለበጣ በአማርኛ ሲነገር ከሌላ ቋንቋ የመጣ አይመስልም፤ ገጣሚ እንደተረጎመው የሚያስታውቅ አማርኛ ነው።

ስለ ዋናው መጽሐፍ ግን በዚያው መመዘኛ ስናገር ፍርዴ ጠንከር ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመው ይህ ልብ ወለድ የአሜሪካንን የእርስ በርስ ጦርነት የሚያየው ከባሪያ አሳዳሪዎቹ በረንዳ ላይ ሆኖ ነው። ማሚን እንውሰድ፤ ስካርሌትን ያሳደገች ጥቁር ባሪያ፣ የቤቱን ምሥጢር ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት፤ ይሁንና በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ስለ ራሷ ነፃነት ምን እንደምታስብ አንድ ጊዜ እንኳ በቅጡ አልተጠየቀችም። ነፃ የወጡት ጥቁሮች የሥርዓት አልበኝነት ምንጭ ተደርገው ሲቀርቡ፣ በሌሊት ተሸፍነው የሚገድሏቸው ሰዎች ግን ክብራቸውን የሚጠብቁ ጨዋዎች ሆነው ቀርበዋል። ነፃነቱን የተነጠቀ እስረኛ ይህን መጽሐፍ የተረጎመው ለዚህ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ሁሉ ነገር ፈርሶባት እንደገና የምትነሣ ሴት ታሪክ በእስር ቤት ግድግዳ መካከል ምን ያህል ብርታት እንደሚሰጥ መገመት አያስቸግርም። ሁለቱን ነገሮች፣ ማለትም የትርጉሙን ታላቅነትና የታሪኩን ኢፍትሐዊነት፣ የአማርኛ አንባቢ በአንድነት ሊያውቃቸው ይገባል። ወደፊት መጽሐፉ እንደገና ሲታተም በሲጋራ ወረቀቶቹ ላይ የተሠራውን ሥራ በዝርዝር የሚተርክ፣ በአሜሪካን ደቡብ ባርነት ምን ይመስል እንደነበርም ለወጣት አንባቢ በግልጽ የሚያስረዳ ሰፊ መግቢያ ይዞ ቢወጣ ደስ ይለኛል።