ደሴ ማሞቂያ ክፍል፦ ለሲስተሮቹ 5 ኮከብ፣ ለሽንት ቤቱ 1

እኔ ሪቪው ከፃፍኩ ያው ስለ ባትሪ ወይ ስለ ጎማ ነው፣ ኮምቦልቻ ጋራዥ ነው ምሰራው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ሆስፒታል ልፅፍ ነው፣ ኧረ ስለ ሆስፒታሉም አይደለም ስለ አንድ ክፍሉ ነው፣ ደሴ ያለ የጨቅላ ህፃናት ክፍል፣ እኛ አስታማሚዎቹ በአጭሩ ማሞቂያ ምንለው። ስሙን አልጠራም። አንደኛ ወደ ታች ማማርረው ነገር አለኝ፣ ሁለተኛ ሲስተሮቹ "ስማችን እንዳይወጣ አደራ" ብለውኛል። 27 ቀን ነው የቆየነው፣ 27 ቀን ሙሉ ደግሞ ማንም ሰው ፀባዩን መደበቅ አይችልም።

ነገሩ ሀምሌ ላይ ነው። ባለቤቴ ሰባት ወሯን ጨርሳ ትንሽ ቀን እንዳለፈች ራሴን ራሴን አለች፣ አይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል አለች፣ እኔ ጀግናው ሻይ ጠጪና ትንሽ ተኚ አልኳት። በነጋታው ፊቷ አብጦ አደረ። ጤና ጣቢያ ስትለካ የለካቻት ልጅ ፊቷ ልውጥ አለ፣ መርፌ ወጓትና ወዲያው በአምቡላንስ ሪፈር ደሴ። (ነፍሰ ጡር ቤታችሁ ያለ ሰዎች፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ካያችሁ ሻይ ምናምን አትበሉ በቀጥታ ሂዱ። የእርግዝና ግፊት ነው፣ እናቲቱንም ልጁንም ይዞ ይሄዳል። እኔ እስካሁን ያቺን ሻይ ሳስባት ያሳፍረኛል።)

ወደ ደሴ ሚያወጣውን የሃረጎ ዳገት በጉም ነው የወጣነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው ግን የዛን ቀን አላልቅ አለ፣ እኔ ደግሞ ልማድ ሆኖብኝ ሚስቴ እጄን ጨብጣ እያቃሰተች የአምቡላንሱን ማርሽ ነው ማዳምጠው። ማታውኑ በኦፕራሲዮን ወንድ ልጅ ተወለደ፣ 32 ሳምንት፣ 1400 ግራም። 1400 ግራም ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ክንዱ የኔን አውራ ጣት አያክልም፣ ጠቅላላ ቁመቱ ከጎማ መፍቻ ትንሽ ቢበልጥ ነው። አልጮኸም፣ እንደ ድመት ግልገል ነገር ሲል ሰማሁትና ይዘውት ሄዱ።

ማሞቂያ ክፍል በር ላይ የተቀበለችኝ ሲስተር ጠና ያለች ናት፣ ፊቷ አይፈታም። "እጅህን ታጠብ" አለችኝ ታጠብኩ። አየችውና "ድገም"። ደገምኩ። በሶስተኛው ጥፍሬን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችና "በዚህ እጅ ሞተር ይነካል እንጂ ልጅ አይነካም" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የጋራዥ ሰው ጥፍር ታውቁታላችሁ፣ በቤንዚን ብታጥበውም አይለቅም። ተናድጄ ነበር፣ ልጄ ውስጥ እየሞተ ነው ብዬ ነው ማስበው እሷ ስለ ጥፍር ታወራለች። ከኪሷ ጥፍር መቁረጫ አውጥታ ሰጠችኝ፣ እዛው ኮሪደር ላይ ቁጢጥ ብዬ አስሩንም ቆረጥኩ። "ይሄን ልጅ ሚገድለው ብርድና ቆሻሻ ነው፣ ብርዱን እኛ እናየዋለን፣ ቆሻሻው ያንተ ድርሻ ነው፣ አሁን ግባ አብሽር" አለችኝ። ያቺ አብሽር ከዛ ፊት ትወጣለች ብዬ አልጠበኩም፣ ወላሂ እንባዬ መጣ።

ብርዱ እንግዲህ ቀልድ አይደለም። ኮምቦልቻ በቲሸርት ተነስተህ ሃረጎን ስትጨርስ ጃኬት ትፈልጋለህ፣ ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሀምሌ ደግሞ ጦሳ ተራራ ራሱ በጉም ጠፍቶ ነው ሚውለው። እንዲህ ያለ ልጅ ሙቀቱ ከ36.5 በታች እንዲወርድ አይፈለግም፣ በየተወሰነ ሰአቱ ብብቱ ስር ይለኩታል፣ እኔም በሁለተኛው ቀን ከሲስተሮቹ እኩል ቁጥሩን እያየሁ መደንገጥ ተማርኩ።

አፍንጫው ላይ ደግሞ ሲፓፕ ተደርጎለታል። ኦክስጅኑን እየገፋ ሳንባው እንዳይጨፈለቅ ሚይዝለት ነገር ነው፣ የቱቦው ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ እንደ ጀበና ይንተከተካል። ዋናዋ ትምህርቴ እሷ ናት። ከሁሉም በእድሜ ትንሿ ሲስተር "መንተክተኩን ካቆመ የሆነ ቦታ አየር እየሾለከ ነው ማለት ነው፣ ቶሎ ጥራን" አለችኝ። አያችሁ፣ ሌላ ቦታ ቢሆን "አስታማሚ ውጣ" ነው ሚባለው። እነዚህ ግን ስራ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ድምፅ ሰምቶ ብልሽት ማወቅ እንጀራዬ ነው፣ ሶስት ቀን ሙሉ ያቺን ጠርሙስ እንደ ሞተር ሳዳምጥ ነው የከረምኩት፣ አንዴ ሌሊት ዝም አለችና ጠራሁ፣ የአፍንጫው ጫፍ ተንሸራቶ ነበር፣ ልጅቷ አስተካክላ "ጎበዝ ቴክኒሻን" ብላኝ ሄደች።

እናቴ ከባቲ መጣች፣ ከማን እንደሰማች እንጃ፣ በትንሽ ቅል ለጋ ቅቤ ይዛ፣ ልጁን ልታስውጠው። እኔ ጭቅጭቅ ሊነሳ ነው ብዬ ሰውነቴ አለቀ። ያቺ ፊቷ ማይፈታው ሲስተር እናቴን ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ቅሉን ተቀብላ አሸተተችው። "እማማ ይሄን የመሰለ ቅቤ በዚች ጉሮሮ ይባክናል እንዴ? ገና መዋጥ አልቻለም እኮ በቱቦ ነው ሚበላው፣ ቅቤው ሳንባው ውስጥ ነው ሚገባው። ለምራትዎ አጥሚት ላይ ያድርጉላት፣ እሷ ትጠንክርና ወተቷ ይበዛለታል፣ ለሱ ዱዓ ያድርጉለት።" እናቴ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየችና ቅሉን ይዛ ወደ እናቶች ክፍል ሄደች። ማታ "ልጅቷን ያሳደጋት አሳድጓታል" አለችኝ። እናቴ ሰው አመስግና አታውቅም፣ እኔንም ጨምሮ።

ስለ ቱቦው ካነሳሁ፣ አመጋገቡን ማየት ነበረባችሁ። መጀመሪያ ላይ በየሁለት ሰአቱ ጥቂት ሚሊ ሊትር የእናቱ ወተት ነው፣ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ሲሪንጁን አይገፉትም፣ መግፊያውን አውጥተው ወተቱን ጨምረው ከፍ አድርገው ይይዙታል፣ በራሱ ይወርዳል። ልክ የፍሬን ዘይት ቀስ እያለ እስኪወርድ ቆመን እንደምንጠብቀው። ሌሊት ስምንት ሰአት፣ ክፍሉ ሙሉ ህፃን፣ ሁለት ሲስተር፣ አንዷ እጇን ከፍ አድርጋ ቆማ ወተቱ ጠብ ጠብ እስኪል ትጠብቃለች፣ አንዴ እንኳን ቸኩላ ስትገፋው አላየሁም። እኔ ግን ከሁለት ደቂቃ በኋላ እጄ ይዝላል።

አሁን ዋናው ነገር። በአራተኛው ቀን ሲፓፑ ከወጣ በኋላ "ካንጋሮ ትገባለህ" አሉኝ። ባለቤቴ ግፊቷ ገና አልወረደም የተሰፋችው ቁስልም አለ፣ መቀመጥ አትችልም። ካንጋሮ ማለት ህፃኑን በዳይፐርና በኮፍያና በካልሲ ብቻ አድርጎ ደረትህ ላይ ቆዳ ለቆዳ መለጠፍ ነው፣ እንደ እንቁራሪት እግሩን ከፈት አድርገው ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዙረው በነጠላ ይጠፍሩሃል። እኔ ጋራዥ ውስጥ ስንት አይነት ሰው ሲሳደብ የዋልኩ ሰውዬ ሸሚዜን ክፈት ስባል አፈርኩ፣ እናቶች ነው የሞሉት ክፍሉን። "ወንድ ያደርገዋል እንዴ?" አልኳት ትንሿን ሲስተር። "ደረትህ ይሞቃል አይደል? በቃ።" ከዛ ጠፍራኝ ሲያበቃ ታሪኩን ነገረችኝ፣ ኮሎምቢያ ቦጎታ ላይ ነው አሉ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ማሞቂያ ማሽን አልበቃ ብሏቸው ዶክተሮቹ እናቶች ደረት ላይ አስረው የጀመሩት፣ አሁን የአለም ጤና ድርጅት ራሱ ያለቀኑ ለተወለደ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰአት ይደረግ ይላል። "ማሽኑ ስለጠፋ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ማሽኑ ያላቸውም ያደርጉታል" አለችኝ።

ስሜቱን መፃፍ አልችልበትም። ብቻ መጀመሪያ እንደ ቀዝቃዛ ሳንቲም ነው ምትሰማህ እግሩ፣ ከዛ ቀስ እያለ ይሞቃል፣ ከዛ የቱ የሱ ትንፋሽ የቱ ያንተ እንደሆነ ይጠፋብሃል። ስድስት ሰአት ሳልነቃነቅ ተቀመጥኩ። ሽንቴ መጥቶ ሁሉ።

በዘጠነኛው ሌሊት ደረቴ ላይ እያለ ትንፋሹ ቆመ። ሚቀልድ አልመሰለኝም መቼስ፣ ከንፈሩ ሲጠቁር አየሁት ድምፄ አልወጣም እጄን ብቻ አወዛወዝኩ። ተረኛው ወንድ ነርስ ነበር (ሁሉም አስታማሚ ዶክተር ነው ሚለው፣ እሱም ማስተካከል ሰልችቶት ትቶታል)፣ መጣና ምንም ሳይል የልጁን ውስጥ እግር በጣቱ ፈተግ ፈተግ አደረገው፣ ጀርባውን አሸት አሸት፣ ልጁ ተንጠራርቶ ተነፈሰ። በቃ ይሄው። "መተንፈስ ይረሳሉ፣ ገና ልምዱ የላቸውም፣ እኛ እናስታውሳቸዋለን" አለኝ። ከዛ ግን ዝም ብሎ አልሄደም፣ እንዴት እንደሚፈተግ እጄን ይዞ አሳየኝ፣ ወንበር ስቦ እስኪነጋ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ስለ ላዳ ሞተር እያወራን። ሊነጋጋ ሲል ማተብ አንገቷ ላይ ያለ ሲስተር ገባችና "ሂድ ፈጅር ስገድ እኔ አየዋለሁ" አለችኝ። እኔ ረስቼው ነበር።

ኪሎው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በአምስተኛው ቀን 1290 ወርዷል፣ እየቀለጠብኝ ነው ብዬ ምግብ አቆምኩ። ወረቀት ላይ ስለው አሳዩኝ፣ መጀመሪያ ሁሉም ይቀንሳል፣ እስከ አንድ አስረኛው ድረስ ሚጠበቅ ነው፣ ከዛ ይመለሳል። ተመለሰም፣ በ12ኛው ቀን 1400፣ ከዛ በቀን 20 አንዳንዴ 30 ግራም። ጠዋት ሚዛን ሰአት ላይ ማሞቂያው ክፍል ኳስ ሜዳ ነው ሚመስለው፣ የማንም ልጅ 25 ግራም ከጨመረ ሁላችንም ነን ምንደሰተው፣ የፅዳት ሰራተኛዋ ሳትቀር መጥረጊያዋን አቁማ "ስንት ገባ?" ትላለች።

ቅሬታዬን ልናገር ቃል ስለገባሁ። ሽንት ቤቱ አይገባም፣ ውሃ ሲጠፋ ቀናት ይጠፋል፣ በባልዲ ነው ሚቀዳው። አባቶች ሚያድሩበት ቦታ የለም፣ ኮሪደር ላይ በካርቶን ነው፣ ደሴ ሀምሌ ካርቶን ላይ ተኝታችሁ ታውቃላችሁ? በር ላይ ያለ አንድ ጥበቃ ደግሞ ሰው እንደ ከብት ነው ሚነዳው። ወሊድና የጨቅላ ህክምናው በመንግስት ቤት ነፃ ነው፣ እሱን አልከፈልኩም፣ ግን ውስጥ ያልነበረ አንድ መድሀኒት ውጪ ግዛ ተብዬ አንዱ ፋርማሲ የጠራልኝ ዋጋና ሁለት በር አልፎ ያለው የጠራልኝ ሰማይና ምድር ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ይሄ ሁሉ ግን የነርሶቹ ጥፋት አይደለም፣ እነሱም እኮ በዛው ባልዲ ነው ሚታጠቡት። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የወሎ ጤና ተቋማት እንዴት እንደተዘረፉ ሁላችንም እናውቃለን፣ ትልቋ ሲስተር ስንመለስ ባዶ ግድግዳ ነው የጠበቀን አለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም እኔም አልጠየኳትም። ግንቦት 2017 ላይ የጤና ባለሙያዎች ደሞዝ አልበቃንም ሲሉ እኔ ሞተር ስር ተኝቼ "ኤጭ እነሱም ጀመራቸው" ያልኩ ሰው ነኝ። ይቅር በሉኝ።

ልንወጣ ስንል፣ 1780 ግራም ሆኖ ጡት ይዞ፣ ብር በፖስታ አድርጌ ልሰጥ ሞከርኩ፣ ትልቋ ሲስተር እንደ ጥፍሬ ነው ያየችኝ። መለስኩ። አንድ ነገር ግን ሲያናድደኝ ከርሟል፣ መድሀኒት ሚገፉባት ጋሪ ጎማዋ ሲጥ ሲጥ ትላለች፣ ሌሊት እሷ በመጣች ቁጥር የተኛው ህፃን ሁሉ ይባንናል። ኮምቦልቻ ወርጄ ግሪስና ሁለት ኩሽኔታ ይዤ ተመለስኩ፣ ኮሪደር ላይ ገልብጬ ፈታኋት አጥቤ ገጠምኳት። ስትገፋት ድምፅ አልነበራትም። ትንሿ ሲስተር ወዲያና ወዲህ እየገፋች ሳቀች፣ ትልቋ "የበሩም ማጠፊያ ይጮሃል" አለችኝ። እሱንም ቀባሁት። እናቴ በበኩሏ ሁሉንም በየተራ ይዛ ቱፍታ አውርዳባቸዋለች፣ አጎንብሰው ነው የተቀበሏት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለክትትል ስንሄድ 2 ኪሎ ከ200 ገብቷል ማሻአላህ። ትልቋ ሲስተር ልጁን ከመቀበሏ በፊት እጄን ያዘችና ጥፍሬን አየች። ንፁህ ነበር፣ ሃረጎ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ነው የቆረጥኩት።

ምትሄዱ ካላችሁ፦ ወፍራም ጋቢ፣ የራሳችሁ ባልዲ፣ ለእናቲቱ አጥሚት ሚይዝ ፔርሙስ፣ ከፊት ሚከፈት ሸሚዝ ለአባትየው። ለህፃኑ የሱፍ ኮፍያ ሁለት፣ ካልሲ ግን አራት አምስት ጥንድ ያዙ። ይጠፋል፣ የት እንደሚሄድ ሲስተሮቹም አያውቁም።