«ለአራት ሰው የሚሆን ካቢን» ሲሏችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

አያትና ለገጣፎ አካባቢ ያላችሁ፣ በተለይ ትንሽ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ሰሞኑን በየኮንዶሚኒየሙ በር የሚበተነው ወረቀት ስለ ክሩዝ፣ ማለትም ስለ መርከብ ሽርሽር ነው። ከዱባይ ተነስቶ ሰባት ሌሊት ባሕር ላይ፣ «የቤተሰብ ካቢን፣ ለአራት ሰው፣ ሕፃን አይቆጠርም»። መርከቡም ጉዞውም አለ፣ የፈጠራ ነገር አይደለም። ጉዱ ያለው ካቢኑ፣ ማለትም የመርከቡ መኝታ ክፍል፣ ውስጥ ያለው አልጋ ላይ ነው።

እህቴ ለገና ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር የሄደችው እዚሁ ሰፈር ካለ አንድ ኤጀንት ገዝታ ነው። ትልቋ አምስት ዓመቷ፣ ትንሹ ዓመት ከመንፈቁ ነበር። ካቢኑ በርግጥም አራት አልጋ አለው። ሁለቱ ታች ናቸው። ሁለቱ ግን ከኮርኒሱ ታጥፈው የሚወርዱ ናቸው። ማታ አስተናጋጁ ይመጣና ያወርዳቸዋል፣ መሰላል ያስደግፋል፣ ጠዋት መልሶ ያጥፋቸዋል። ብዙ የመርከብ ድርጅቶች ደግሞ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይኛው አልጋ ላይ እንዲተኛ አይፈቅዱም። ስለዚህ አባትየው ላይ ወጣ፣ እናት ከሁለቱ ልጆች ጋር ታች ተጣበበች። ትንሹ መሰላሉን ካልወጣሁ እያለ ሲያስቸግር እሷ እግሩን ይዛ ታድር ነበር። ለዚህ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ብር የከፈሉት።

ከመሄዷ በፊት ኤጀንቱን ስለ ሕፃን አልጋ ጠይቃው ነበር። «እዚያ ይሰጧችኋል» አላት። መርከቦች የሚታጠፍ የሕፃን አልጋ አላቸው፣ አብዛኞቹም በነፃ ያውሳሉ። ግን ብዛቱ የተወሰነ ስለሆነ ቦታ ሲያዝ አብሮ መጠየቅ አለበት። ሰውየው አልጠየቀላትም። ደግሞስ ቢመጣ የት ሊቀመጥ? መስኮት የሌለው የውስጥ ካቢን መታጠቢያ ቤቱን ጨምሮ አብዛኛውን ጊዜ 15 ካሬ አካባቢ ነው። ሶፋው ተዘርግቶ አልጋ ሲሆን ወለሉ አለቀ።

ማንም የማይነግራችሁ ሌላ ነገር አለ። ልጁ ሁለት ሰዓት ላይ ሲተኛ መብራት ይጠፋል። ክፍሉ አንድ ስለሆነ ወላጆችም ጨለማ ውስጥ በሹክሹክታ ያመሻሉ። ጥሎ መውጣት አይታሰብም። በኔ እምነት ገንዘብ የሚጨመር ከሆነ በረንዳ ላለው ካቢን ይጨመር። ልጁ ሲተኛ የበረንዳውን በር ዘግታችሁ ውጭ ትቀመጣላችሁ። የውስጥ ካቢን ግን በቀን ለሚተኛ ልጅ ጨለማው ደህና ነው፣ እሱን አልክድም።

«ሕፃን አይቆጠርም» የሚለው ደግሞ ነጭ ውሸት ነው። በአውሮፕላን ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭን ላይ ሆኖ በትንሽ ክፍያ ይሄዳል። መርከብ ላይ ግን ሕፃንም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል፣ በነፍስ አድን ጀልባው ላይ ቦታ ያስፈልገዋልና። አራት ሰው የሚይዝ ካቢን አምስተኛ አይቀበልም፣ የታቀፈ ልጅም ቢሆን። ከ6 ወር በታች ያለውን አብዛኞቹ ጭራሽ አይጭኑም። ወረቀቱ ላይ ያለው ዋጋም ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ካቢኑን ሲጋራ ለአንድ ሰው የሚታሰበው ነው። የወደብ ክፍያና የየቀኑ የአገልግሎት ክፍያ ኋላ ይመጣል።

ኤጀንቱ «ካቢኑን መርከቡ ይመድብላችኋል፣ በዚያ ላይ ይረክሳል» ካላችሁ እሺ አትበሉ። ይህ ልጅ ለሌለው ሰው ጥሩ ነው። እናንተ የካቢኑን ቁጥር በእጃችሁ ያዙና የመርከቡን ካርታ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ከፍታችሁ እዩ። ታች ስንት አልጋ አለ? ሶፋው ይዘረጋል? በመካከል መጋረጃ አለ? ሁለት ካቢን ከወሰዳችሁ ደግሞ «ጎን ለጎን ነው» በሚል እንዳትሸወዱ። በውስጥ በር የሚገናኙ መሆን አለባቸው። አለበለዚያ እናት አንዱን ልጅ፣ አባት ሌላውን ይዘው ተለያይተው ማደር ነው።

የሕፃን አልጋው መጠየቁ በማረጋገጫው ላይ ተጽፎ ይምጣ። በቃል የተባለ ነገር በኋላ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ይሆናል፣ እህቴም የገጠማት ይኸው ነው። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ስለዚህ ስትጠይቁ አትሸማቀቁ። ደረሰኙንም ያንን የማስታወቂያ ወረቀትም አትጣሉ።

ቀብድ የከፈላችሁም ካላችሁ ገና አልመሸም። የቦታ ማስያዣ ቁጥራችሁን ዛሬውኑ ተቀበሉና የመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ካቢኑ የትኛው እንደሆነ፣ ልጁ በስሙ መመዝገቡን ታያላችሁ። የመጨረሻው ክፍያ ቀን ካላለፈ ካቢን መቀየር በአብዛኛው ይቻላል። ቁጥሩን አልሰጥም የሚል ኤጀንት ካጋጠማችሁ ቀሪውን እንዳትከፍሉ።