በውኃ ሃይላንድ የተሠራ የችግኝ ቤት ለደጋ ጓሮ ምን ያህል ይበጃል?

በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ በደንብ ለመብቀል ከ20 ዲግሪ በላይ ሙቀት የሚፈልጉት የቲማቲምና የቃሪያ ዘሮች ሜዳ ላይ ሲዘሩ ይዘገያሉ፤ ብዙዎቹም አፈር ውስጥ በስብሰው ይቀራሉ። ለዚህ ችግር የጓሮ አትክልተኞች በቤታቸው ከሚሠሯቸው መፍትሔዎች ሁሉ ባለ ሁለት ሊትሩን የውኃ ሃይላንድ አስበልጣለሁ።

ሃይላንዱ ወገቡ ላይ ዙሪያውን ይቆረጥና አንድ ጎኑ እንዲያያዝ ጥቂት ይተዋል፤ ታችኛው ክፍል በጋለ ምስማር ተበስቶ በአፈር፣ በብስባሽና በአሸዋ ድብልቅ ይሞላል። የዚህ ዕቃ ትልቁ ጥቅም ሙቀት መያዙ ብቻ ሳይሆን ክዳኑ ነው። የእኩለ ቀን ፀሐይ የተዘጋን ፕላስቲክ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ችግኝ እስኪጠብስ ድረስ ስለሚያግለው፣ ረፋድ ላይ ክዳኑን ፈትቶ አመሻሽ ላይ መልሶ መግጠም የግድ ነው። ጠዋት የውስጥ ግድግዳው በውኃ ጠብታ ከተሸፈነና አፈሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ከታየ አየሩ ታፍኗል ማለት ነው፤ ቸል ከተባለ ግንዱ ከአፈሩ በላይ ቀጥኖ ይጠቁርና ችግኙ በአንድ ሌሊት ይወድቃል።

የኬክ ማሸጊያው ግልጽ ሣጥን ዘር ለማብቀል ጥሩ ቢሆንም ጥልቀት ስለሌለው ሥሩ ይጨናነቃል። በታጠፈ ሽቦ ላይ የሚዘረጋው ላስቲክ ብዙ ችግኝ ይይዛል፤ ነገር ግን ነፋስ በቀላሉ ይገልጠዋል።

ሃይላንዱም ጉድለት አለው። ስስ ፕላስቲክ በሌሊት ሙቀቱን ቶሎ ስለሚለቅ ውርጭ በሚጥልበት ሰሞን ብቻውን አይበቃም፤ ቀን ፀሐይ ከመታው ግድግዳ ሥር አስጠግቶ ማታ ጆንያ ማልበስ ያስፈልጋል።

ቲማቲም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ቃሪያ ደግሞ ትንሽ ዘግየት ብሎ ለመዛወር ይደርሳል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሳምንት ያህል ማላመድ ያሻል፦ መጀመሪያ በጥላ ሥር ለጥቂት ሰዓት መግለጥ፣ ቀስ በቀስም ፀሐይና ነፋስ ማስለመድ፣ በመጨረሻም ውጭ ማሳደር። ለካሮት ግን ይህን ዘዴ አልመክርም፤ ሥሩ መነካካት ስለማይወድ በቀጥታ መደቡ ላይ ቢዘራ ይሻላል።