በ5 ሺህ ወይስ በ10 ሺህ? የቱርቦ መኪና ዘይት ሒሳብ ለደሴና ኮምቦልቻ መንገድ

ሰሞኑን ስልኬ በጠራ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው። «አንተ በስንት ኪሎ ሜትር ነው ዘይት የምትቀይረው?» የሚጠይቁኝ መካኒክ ስለሆንኩ አይደለም። ቱርቦ፣ ማለትም ለሞተሩ አየር ጨምቆ የሚሰጠውን መሣሪያ፣ አቃጥዬ 54 ሺህ ብር ስለከፈልኩ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ደሴ ላይ ከፒያሳ ሸዋበር ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ስለዚህ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

መልሴን ቀድሜ ልናገር። መኪናችሁ ናፍጣ ቱርቦ ከሆነ መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ ግን እውነተኛ የሆነ ዘይት ግዙ። ኦሪጅናል ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያ) ጨምሩበት። በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ። ውድ ሲንተቲክ (በፋብሪካ የተቀመመ) ዘይት ገዝቶ እስከ 10 ሺህ መጎተት ለኛ መንገድ አይሆንም። ከበርሜል እየተቀዳ የሚሸጠው ዘይትማ ጭራሽ አይነሳ።

አምና የሆነው እንዲህ ነው። ፒካፔ ባለ 2.5 ሊትር ናፍጣ ናት። በሳምንት አራት አምስት ቀን ደሴ ኮምቦልቻ እመላለስባታለሁ። አንድ ወዳጄ «ሲንተቲክ አድርግና 10 ሺህ እስኪሞላ እርሳው» አለኝ። ሰማሁት። ሱቅ ስገባ ሻጩ ሰባቱን ሊትር ከሌላው ቦታ 2 ሺህ ብር ቀንሶ ሰጠኝ። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን መርቄው ወጣሁ።

8 ሺህ ግድም ስነዳ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን የሐረጎን ዳገት ስወጣ ፉጨት መስማት ጀመርኩ። መጀመሪያ ከኋላዬ የሚመጣው አይሱዙ መሰለኝ። ዳር ይዤ አሳለፍኩት። አይሱዙው ሄደ፣ ፉጨቱ ግን አብሮኝ ቀረ። በሦስተኛው ቀን በመስታወት ሳይ ሰማያዊ ጭስ።

መካኒኩ የአየር ቱቦውን ፈታና የቱርቦውን ዘንግ ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ነቀነቀው። ሊወልቅ እንደደረሰ የልጅ ጥርስ ይወዛወዛል። ከዚያ ለቱርቦው ዘይት የሚያደርሰውን ቀጭን ቱቦ አውልቆ በአንዱ ጫፍ እፍ አለበት። በሌላው ጫፍ ምንም የሚወጣ ነገር የለም። በሽቦ ሲቆሰቁሰው እንዳረረ ቡና ያለ ጥቁር ፍርፋሪ መዳፉ ላይ ረገፈ። «ይኸውልህ፣ ይሄ ዘይት ነበር» አለኝ። «አብሽር፣ ሞተሩ አልተነካም።» አብሽር ማለት ቀላል ነው፤ ከፋዩ እኔ ነኝ። የቱርቦው መሀል ክፍል 41 ሺህ፣ አዲስ የዘይት ቱቦ 4 ሺህ 500፣ ዘይትና ፊልትሮ 5 ሺህ፣ የእጅ 3 ሺህ 500። ያቺ የ2 ሺህ ብር ቅናሽ ናት እዚህ ያደረሰችኝ።

ቱርቦ ለምን እንዲህ ቀበጠ ለምትሉ፣ ባጭሩ ልንገራችሁ። ዘንጉ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ ይሽከረከራል። በዚያ ፍጥነት ብረት ከብረት ቢነካካ ወዲያው ያልቃል። ስለዚህ ዘንጉ ኩሽኔታው ውስጥ ስስ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚዞረው። አንደኛው ጎኑ ደግሞ ከሞተር የሚወጣ እሳት የሆነ ጭስ ይመታዋል። ዘይቱ ያለሰልሳል፣ ሙቀትም ይሸከማል። ቱርቦ የሌለው ቪትዝ ያረጀ ዘይትም ዝም ብሎ ይችላል። ቱርቦ አይችልም።

መንገዳችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያን ሁሉ እንወጣለን። ደሴ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የጎደለውን አየር ለመሙላት ቱርቦው የበለጠ መሽከርከር አለበት። ሐረጎ ላይ ጭነት ይዞ በሁለተኛ ማርሽ የሚያቃስት ፒካፕና ሜዳ አስፋልት ላይ የሚንሸራሸር ፒካፕ እኩል 10 ሺህ ነዱ ቢባል፣ ዘይታቸው እኩል አላረጀም።

ይሄን ከኪሴ አላመጣሁትም። ቶዮታ በሀገሩ በጃፓን ቱርቦ ለሌለው የቤንዚን መኪና 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም አንድ ዓመት ይላል። ለቤንዚን ቱርቦ ግን 5 ሺህ ወይም 6 ወር ነው። መንገዱ አስቸጋሪ ከሆነ ደግሞ ወደ 2,500 ወይም 3 ወር ያወርደዋል። አስቸጋሪ ከሚላቸው ውስጥ ኮረኮንች መንገድ፣ አጭር ጉዞ መደጋገምና ተራራ መውጣት መውረድ አሉበት። ደሴን አይቶ የጻፈው ነው የሚመስለው። ለናፍጣም ቢሆን መጽሐፉ 10 ሺህ የሚል ከሆነ፣ ለእንዲህ ያለ መንገድ ብዙ ጊዜ ግማሹን ነው የሚሰጠው። «10 ሺህ ይላል እኮ» የሚሉኝ ሰዎች ቀጣዩን መስመር አላነበቡም።

አሁን ወደ ብሩ። የምጽፈው እኔ ዘንድሮ የከፈልኩትንና ጠይቄ የተነገረኝን ነው። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን ትታችሁ ስሌቱን ያዙ። የኔ ፒካፕ ሰባት ሊትር ገደማ ትጠጣለች።

መካከለኛው፣ ማለትም 15 ደብሊው 40 የናፍጣ ዘይት፣ ሊትሩ 650 ብር። ሰባት ሊትር 4,550። ኦሪጅናል ፊልትሮ 900፣ የእጅ 300። ድምር 5,750። በ10 ሺህ ኪሎ ሜትር ሁለት ጊዜ ስለሚቀየር 11,500 ብር።

ሲንተቲኩ ሊትሩ 1,400 ብር። ሰባት ሊትር 9,800። ፊልትሮና የእጅ ሲጨመር 11,000። በ10 ሺህ ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ ብቻ።

ልዩነቱን አያችሁ? 500 ብር! ለ10 ሺህ ኪሎ ሜትር! በኪሎ ሜትር 5 ሳንቲም ነው። በዚያ 500 ብር የቆሸሸው ዘይት ሁለት ጊዜ ይደፋል፣ ፊልትሮው ሁለት ጊዜ ይቀየራል፣ መካኒኩም ሁለት ጊዜ ከሥር ገብቶ ያያል። አንዴ እንዲሁ ሲያይ ነው የሚያንጠባጥብ የራዲያተር ቱቦ ያገኘልኝ።

የበርሜሉስ? ሊትሩ 400፣ የማይታወቅ ፊልትሮ 350፣ የእጅ 300። ባንድ ጊዜ 3,450፣ በ10 ሺህ 6,900። ከመካከለኛው 4,600 ብር ይተርፋል። አጓጊ ነው፣ አልክድም። ግን የኔን የ54 ሺህ ብር ቱርቦ በዚያ ትርፍ ለመመለስ 117 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት አለባችሁ። በበርሜል ዘይት 117 ሺህ የሚሄድ ቱርቦ ካለ አሳዩኝ፣ ምሳ በኔ።

ሲንተቲክ መጥፎ ነው አላልኩም። እውነተኛው ከሆነ ሙቀት ይችላል፣ በብርድ ጠዋትም ቶሎ ይደርሳል። ሲንተቲክ ገዝቶ በ5 ሺህ የሚቀይር ሰው ካለ እሰየው፣ 22 ሺህ ብር አለው ማለት ነው። የኔ ችግር ሌላ ነው። በብዛት በውሸት የሚመሳሰለው ውዱ ዘይት ነው። 650 ብር የሚሸጠውን ማስመሰል ያን ያህል አያዋጣም፣ 1,400 የሚሸጠውን ግን ያዋጣል። ከተታለላችሁ ደግሞ በ5 ሺህ የምትቀይሩት ሰዎች ቶሎ ትደፉታላችሁ። በ10 ሺህ የምትቀይሩት ግን ሙሉውን 10 ሺህ ከውሸት ዘይት ጋር ትከርማላችሁ። እኔ 8 ሺህ ያህል እንደከረምኩት።

ፊልትሮ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ስለ ዘይት ያወራና ፊልትሮውን «ያለውን ስጠኝ» ይላል። ከንዴቴ ብዛት ሁለት ፊልትሮ በብረት መጋዝ ሰንጥቄ አይቻለሁ። አንዱ የ900፣ ሌላው የ350። ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው፣ ጽሑፋቸው ሳይቀር። የ900ውን ወረቀት እጥፋት ስቆጥር 58 ሆነ። የ350ው 31። እጥፋቱ ሙጫ ስላልያዘው በጣቴ ገፋ ሳደርገው ተከፈተ፣ ዘይቱ ሳይጣራ በዚያ ያልፋል ማለት ነው። የባሰው ግን ውስጡ ያለችው ጎማ ናት። ሥራዋ ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች እንዳይመለስ መያዝ ነው። የ900ዋ እንደ ጆሮ ጫፍ ለስላሳ ናት። የ350ዋ ደረቅ ፕላስቲክ። እሷ ካልያዘች ፊልትሮው ሌሊቱን ባዶውን ያድራል። በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ስታስነሱ ዘይቱ እስኪደርስ ቱርቦው ደረቁን ይዞራል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ለትንሽ ሰከንድ የምትሰማው ቀጭ ቀጭ የምትል ድምፅ የዚህ ምልክት ናት።

የናፍጣ ዘይት ስትገዙ ጀርባው ላይ ሲአይ 4 (CI-4) የሚል የጥራት ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ ፈልጉ። ክዳኑ ላይ ያለው ቀለበት ሳይበጠስ መከፈት የለበትም። ዕቃው ላይ የታተመው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ይግጠም። ካርቶኑን አላሳይም የሚል ሻጭ ካለ ሰላም ብላችሁ ውጡ። እኔ አሁን የምገዛው ኮምቦልቻ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ከሚገዙበት ሱቅ ነው። ሚሌ በረሃ ላይ ሞተር የነከሰበት ሾፌር ተመልሶ ምን እንደሚያደርግ ባለሱቁም ያውቃል።

ሁለት ዓይነት መኪና ያላችሁ ግን የኔን ምክር እንዳለ አትውሰዱ። አንደኛ፣ ዲፒኤፍ (የጭስ ጥላሸት ማጣሪያ) ያለው አዲስ ናፍጣ። እሱ አመዱ ዝቅ ያለ ዘይት ነው የሚፈልገው፤ ሌላ ከገባበት ማጣሪያው ይደፈናል። ሁለተኛ፣ ባለ 1.5 ሊትር የቤንዚን ቱርቦ። እነዚህ መጽሐፋቸው ያለውን ቀጭን ዘይት ይፈልጋሉ፣ ቢወደድም። ግን እነሱንም በ5 ሺህ። ብዙዎቹ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጩ በአጭር ጉዞ ሞተሩ ሳይሞቅ የተወሰነው ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ከቤት ሆጤ፣ ከሆጤ ቤት ብቻ የምትነዱ ከሆነ መለኪያውን እያወጣችሁ እዩ። ዘይቱ ከነበረበት ከፍ ካለ፣ የወለደ እንዳይመስላችሁ። ቤንዚን ነው።

ናፍጣ ያላችሁ ደግሞ «ጠቆረ» ብላችሁ አትደንግጡ። የናፍጣ ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል፣ ጥላሸቱን ስለያዘ ነው። ብዙ የማይነዳ ሰው 5 ሺህ ባይሞላለትም 6 ወር ሲሆነው ይቀይር።

ሌላው ነጻ ነው፣ አንድ ብር አያስወጣም። ደሴ ስትደርሱ ቶሎ አታጥፉት። ሐረጎን ስትወጡ የጋለ ቱርቦ ድንገት ሲጠፋ ዘይቱ ኩሽኔታው ውስጥ ቆሞ ይጠበሳል። ያ የቡና ፍርፋሪ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ በባዶ ይሥራ። ኮምቦልቻ ስትወርዱ ችግር የለም፣ ቁልቁለቱ ራሱ አብርዶት ነው የሚደርሰው። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን «በር ላይ ቁጭ ብለህ ምን ትሠራለህ?» ትለኝ ነበር። አሁን የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ ነው ቡና የምትቆላው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ «ከተበላሸ ሽጬ ሌላ እገዛለሁ» የሚለው ነገር እንደ ድሮው አይደለም። ያለችውን ነው ማስታመም።

የውሸቱ ዘይት ዕቃውን ከየት ያመጣል ለሚለውም መልስ አግኝቻለሁ። ከኛው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዘይት አስቀይሬ ስጨርስ የጋራዡ ልጅ ባዶዎቹን ጀሪካኖች ሰብስቦ ከግድግዳው ሥር ደረደራቸው። ክዳናቸውን ሳይቀር ጠርጎ መልሶ ገጥሞላቸዋል። «ለምንድነው?» አልኩት። «ጋሼ፣ ቆራሌው የዚህን ስም ያለውን በደንብ ነው የሚገዛው። 40 ብር ይሰጠኛል።» 50 ብር ሰጠሁትና ሁሉንም ሆዳቸውን በቢላ ወጋኋቸው።