ለዳክ የሚሆን ሬዚስተር ከፈለጋችሁ፣ ሜክሲኮ ያለችውን ሱቅ እዩአት

በሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን በምትገድበው ትንሽ ዕቃ) ብቻ ዳክ መሥራት የምትፈልጉ፣ ማለትም ዲጂታል ቁጥርን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር ሰርኪውት፣ ይሄ ለናንተ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለች። ለዚህ ሥራ ከሷ የተሻለ አላገኘሁም።

ሰማያዊዋ ባለ 1 በመቶ ሬዚስተር አለቻቸው፤ ማለትም ትክክለኛ መጠኗ ከተጻፈባት ቢበዛ በ1 በመቶ የምትለየው። ብዙ ቦታ የምትሸጠው ወርቃማ መስመር ያላት ባለ 5 በመቶዋ ናት። ለኤልኢዲ ምንም አትልም፣ ለዳክ ግን አትሆንም።

ለምን መሰላችሁ፣ አር ቱ አር የሚባለው መሰላል የሚፈልገው ሁለት ዓይነት ሬዚስተር ነው፤ አንዱ የሌላው እጥፍ። ዳኩ ባለ 8 ቢት ነው እንበል፤ ቢት ማለት የሚበራ ወይም የሚጠፋ የቁጥሩ አንድ አሃዝ ነው። ከትልቁ ቢት ወደ ትንሹ ስትወርዱ የእያንዳንዱ ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ5 ቮልት ትልቁ 2.5 ይሰጣል፣ ቀጣዩ 1.25፣ እንዲህ እያለ 8ኛው 0.02 ገደማ ይደርሳል። አሁን ቁጥሩ ከ127 ወደ 128 ሲያልፍ አስቡት። ሰባቱ ትንንሽ ቢቶች ባንዴ ይጠፉና ትልቁ ብቻውን ይበራል። የሱ ሬዚስተር ትንሽ ከተዛባ፣ ቮልቴጁ መጨመር ሲገባው ጭራሽ ሊወርድ ይችላል። ሙዚቃ ካጫወታችሁበት ይሰማችኋል።

ስለዚህ ወሳኙ ነገር ሬዚስተሮቹ እርስ በርስ መመሳሰላቸው ነው። ሁሉም 10.05 ኪሎ ኦም ቢሆኑ ምንም ችግር የለም። ከአንድ ቴፕ (ሬዚስተሮቹ ተደርድረው ከሚጣበቁበት ወረቀት) የወጡ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራረባሉ። ባለሱቁን የወደድኳቸውም እዚህ ላይ ነው። «ጋሼ፣ ሁሉንም ከአንዱ ቴፕ ይቁረጡልኝ» ስላቸው ፊታቸው አልተቀየረም። ከነወረቀቱ 25 ፍሬ ባለ 10 ኪሎ ኦም ቆረጡልኝና «ቴስተሩ ይኸው፣ እየለካሽ ውሰጂ፤ ያልሆነሽን እቀይርልሻለሁ» አሉኝ። ይሄን ሌላ ቦታ አላየሁም። 25 የሆነው እጥፉን፣ ማለትም ባለ 20 ኪሎውን፣ ሁለት ባለ 10 ኪሎ አንዱን ከሌላው ጫፍ ጋር በማያያዝ ስለምሠራው ነው፦ ለዘጠኙ እጥፎች (ለ8ቱ ቢቶችና ለመሰላሉ መጨረሻ) 18፣ ለመሃሎቹ 7። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፣ አንድ ዓይነት ብቻ ስለምትገዙ ማመሳሰሉ ይቀላል። ቀለሙ ቡኒ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ቡኒ መሆኑን እዚያው አረጋግጡ።

ቅር ያለኝ የኦፕአምፕ፣ ማለትም የማጉያ ቺፕ፣ ምርጫቸው ነው። ኤልኤም 358 ብቻ ነው ያላቸው። መሰላሉ ብቻውን ጭነት አይችልም፣ የሆነ ነገር ስታገናኙበት ቮልቴጁ ስለሚወድቅ ኦፕአምፕ መሃል መግባት አለበት። ኤልኤም 358 ግን በ5 ቮልት ሲሠራ ውጤቱ 3.5 አካባቢ ላይ ያበቃል፣ የድምፁም ጫፍ ይቆረጣል። የ9 ቮልት ባትሪ ስትሰጡት ይስተካከላል፣ ባትሪውን እዚያው ታገኛላችሁ።

ዋጋቸው ከመርካቶ ትንሽ ወደድ ይላል፣ ለኔ ግን ያዋጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ስለሚበዛ ተረጋግታችሁ ለመለካት ጠዋት ሂዱ።